ሰባቱ ድንጋዮች ለምን ተጣብቀው ቆሙ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ጀርመን ካለው የራይክስቫልድ የጦር መካነ መቃብር የላክሁልዎትን ፎቶግራፍ አይተው፣ «ሌሎቹ የመቃብር ድንጋዮች ተራርቀው ሳለ እነዚህ ሰባቱ ለምን ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ? ግንበኛው ቦታ አጥሮት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ቀጥለውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወደቀ አንድ ቦምብ ጣይ አብራሪ መታሰቢያ ማቆም ምን ምን ሥራ እንዳለው ማወቅ ፈልገዋል። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ በወረቀት አደረግሁት። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት፤ ወደ እኛ ብመልሳቸው ከመዝገቡ ጋር ሲያስተያዩ ይምታታብዎታል።

ግንበኛው ቦታ አላጠረውም። ድንጋዮቹ የተጣበቁት ከሥራቸው ያለው መቃብር አንድ ስለሆነ ነው። ላንካስተር የሚባለው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ሰው ይዞ ነበር የሚበርረው፦ አብራሪ፣ የበረራ መሐንዲስ፣ ናቪጌተር (መንገድ መሪ)፣ ቦምብ አነጣጣሪ፣ የራዲዮ ሠራተኛ፣ የጀርባ ተኳሽና የጭራ ተኳሽ። አውሮፕላኑ ነዳጁንና ቦምቡን እንደያዘ መሬት ሲመታ የአንዱን አካል ከሌላው መለየት የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ በአንድነት ይቀበራሉ፤ ስማቸው ግን በየድንጋዩ ለየብቻ ይቀረጽና ድንጋዮቹ ሳይነጣጠሉ ይተከላሉ። አምስት ተጣብቀው ሁለት ራቅ ብለው ካዩ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ከስብርባሪው ርቀው ስለተገኙ ማንነታቸው ለየብቻ ታውቋል ማለት ነው። ራይክስቫልድ ላይ ከ7,500 በላይ መቃብር አለ፤ ከዚያ ውስጥ 4,000 ያህሉ የአየር ኃይል ሰዎች ስለሆኑ እንዲህ ያለውን ረድፍ በየጥጉ ያገኙታል።

ከዚህ ተነሥቼ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምናገረው፣ አብራሪውን ብቻውን አታስታውሱት የሚል ነው። ቤተሰቡ ፎቶው ያለው የአንዱ ነውና ሐውልቱን ለእርሱ ብቻ ማቆም ይፈልጋል። ግን ከ1942 ወዲህ በላንካስተር ላይ አብራሪው አንድ ብቻ ነበር፤ ረዳቱ ቀርቶ በቦታው የበረራ መሐንዲስ ገባ። በማዕረግ ሳጅን ቢሆንም እንኳ የአውሮፕላኑ አዛዥ አብራሪው ነው፤ ከእርሱ ሥር መኮንኖች ይታዘዙ ነበር። አውሮፕላኑ ሲመታ ሌሎቹ እስኪዘሉ መሪውን ይዞ ቀጥ የሚያደርገውም እርሱ ነው። እርሱ የተቀመጠበት ፓራሹት አለው፤ አብዛኞቹ ሌሎች ግን ፓራሹታቸውን ከተሰቀለበት አንሥተው ደረታቸው ላይ መግጠም ነበረባቸው። ዋናው መውጫ አፍንጫው ላይ ያለ፣ ስፋቱ 22 ኢንች፣ 56 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ቀዳዳ ነው። ወፍራም የበረራ ልብስ ለብሰው፣ ፓራሹት ታቅፈው፣ በጨለማ፣ በሚሽከረከር አውሮፕላን ውስጥ። ከተመታ ላንካስተር የሚያመልጠው ሰው ሃሊፋክስ ከሚባለው ሌላው ቦምብ ጣይ ከሚያመልጠው በጣም ያነሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ጥበት ነው። እንግዲህ የአብራሪው አሟሟት ያለ ስድስቱ ሰዎች አይነገርም፤ ስማቸው ከሌለበት ድንጋይ ጎደሎ ነው።

በጠቅላላው በእንግሊዝ የቦምብ ጣዮች ዕዝ ከበረሩት 125,000 ያህል ሰዎች 55,573ቱ ሞተዋል፤ ከመቶ 44 ነው። አማካይ ዕድሜያቸው 23 ገደማ ነበር። ከእንግሊዝ ሌላ ካናዳውያን፣ አውስትራሊያውያን፣ ኒውዚላንዳውያን፣ ፖላንዳውያንና ሌሎችም ነበሩበት።

አሁን ወደ ሥራው። ድንጋይ ከመታሰቡ በፊት ሰውየው በትክክል መታወቅ አለበት፤ ስሙ፣ መለያ ቁጥሩ፣ ማዕረጉ፣ ስኳድሮኑ (የነበረበት የአየር ኃይል ክፍል)፣ የአውሮፕላኑ ቁጥር፣ ቀኑ። ስድስቱም ቀላል ይመስላሉ፤ ስድስቱም ያሳስታሉ።

ቁጥሩን ብንወስድ፣ ብዙዎቹ አብራሪዎች በተራ ወታደርነት ገብተው ኋላ መኮንን ሆነዋል። መኮንን ሲሆኑ አዲስ ቁጥር ይሰጣቸዋል። አንድ ሰው ሁለት ቁጥር ስላለው ሁለት ሰው ተደርጎ የተመዘገበበት አጋጣሚ አለ። እንዲያውም ሹመቱ ከሞተ በኋላ ወደ ኋላ ተቆጥሮ በመንግሥት ጋዜጣ የወጣለት ብዙ ነው፤ ያን ሌሊት ሲነሣ በስኳድሮኑ መዝገብ ሳጅን፣ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ግን መኮንን። ሁለቱም ልክ ናቸው። መታሰቢያ ላይ የሚቀረጸው የመጨረሻው ነው። በመኮንኖች ድንጋይ ላይ ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለማይቀረጽ፣ ድንጋዩን ብቻ አይቶ ቁጥር የለውም ማለት ስህተት ነው።

ማዕረግ ላይ የእኛ ቋንቋ ሰዎች ሲተረጉሙ የሚሳሳቱት አለና ልንገርዎት። ፓይለት ኦፊሰር ማለት አብራሪ ማለት አይደለም። ከምክትል መቶ አለቃ ጋር የሚመጣጠን ማዕረግ ነው፤ ናቪጌተሩም ተኳሹም ፓይለት ኦፊሰር ሊሆን ይችላል። ፍላይንግ ኦፊሰር መቶ አለቃ ነው። ፍላይት ሌተናንት ደግሞ ስሙ ቢያሳስትም ሻምበል እንጂ መቶ አለቃ አይደለም። ስኳድሮን ሊደር ሻለቃ ነው፤ ስኳድሮን የሚያዘውም በአብዛኛው እርሱ ሳይሆን ዊንግ ኮማንደር፣ ማለትም ሌተናል ኮሎኔል ነው። «የስኳድሮን መሪ» ብለው ተርጉመው በሐውልት ላይ ቢያስቀርጹ ሻለቃውን ያለ ቦታው አዛዥ አደረጉት ማለት ነው።

ቀኑ ከሁሉ ይከፋል። ቦምብ ጣዮቹ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነበር የሚበርሩት፤ ማታ ተነሥተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይወድቃሉ። መዝገቡ «የመጋቢት 30/31 ሌሊት» ብሎ ሁለት ቀን ያስቀምጣል። እኛ «ለመጋቢት 31 አጥቢያ» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እነርሱ በአንድ ቀን ለመጻፍ ሲሞክሩ ይሳሳታሉ። በ1944 በዚያ አጥቢያ ኑረምበርግን ለመደብደብ ከተላኩት 795 አውሮፕላኖች 95ቱ አልተመለሱም፤ በጦርነቱ ሁሉ ለዕዙ የከፋው ሌሊት ነው። ከዚያ ሌሊት ሟቾች መካከል አንዱ ድንጋይ 30 ሌላው 31 ቢል የሚገርም አይደለም፤ ማታውኑ ወደ ጀርመን ሲገቡ የወደቁም ነበሩ፣ ጎሕ ሲቀድ በመልስ ጉዞ የወደቁም ነበሩ። የወደቀበት ሰዓት ከታወቀ ቀኑን በሰዓቱ እንወስናለን። ካልታወቀ የኮሚሽኑን መዝገብ ተከትለን፣ በሰሌዳው ላይ ሁለቱንም ቀን እናስቀምጣለን።

ኮሚሽኑ ያልኩት የኮመንዌልዝ ጦር መቃብሮች ኮሚሽን ነው። በ1917 በንጉሡ ቻርተር የተቋቋመ ሲሆን፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የሞቱ 1.7 ሚሊዮን ሰዎችን መታሰቢያ ይጠብቃል። መዝገቡን ማንም ሰው በነፃ ይፈልግበታል። ሰውየው የት እንደተቀበረ ቦታ፣ ረድፍና ቁጥር ሰጥቶ ያሳያል፤ ቤተሰቡ ያኔ የተላከለትን ፎርም ሞልቶ ከሆነ የወላጆቹ ስምና ዕድሜውም አለ። ዕድሜ የሌለው ድንጋይ ካዩ ብዙ ጊዜ ፎርሙ ተመላሽ ስላልሆነ ነው። እናት ቤት ቀይራ ይሆናል፣ አባት እጁ አልታዘዝ ብሎት ይሆናል።

የሚቀጥለው የስኳድሮኑ የዕለት መዝገብ ነው። ለንደን አጠገብ ኪው በሚባል ሰፈር ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ኤይር 27» በሚል ምድብ ተቀምጧል፤ ሁለት ፎርም አለው። 540 የሚባለው የስኳድሮኑን ጠቅላላ ውሎ፣ 541 ደግሞ የእያንዳንዱን አውሮፕላን ቁጥር፣ የሰዎቹን ስም፣ የተነሣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ይይዛል። ላልተመለሰው የመመለሻው ሰዓት ቦታ ባዶ ነው። ይህን መዝገብ እንደ ወንጌል አይቀበሉት። በታይፕ የመታው ጸሐፊ የደከመ ወታደር ነው፤ ስም አንሻፎ ይጽፋል፣ የአውሮፕላኑን ሁለት ፊደልና ሦስት አኃዝ ያገለባብጣል። እኛ ስምን ከልደት ምስክር ወረቀት፣ የአውሮፕላኑን ቁጥር ከሌላ ሁለተኛ ምንጭ ሳናመሳክር ለቀራጭ አንሰጥም።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። አዲስ አብራሪ የራሱን ቡድን ይዞ ወደ ጠላት አገር ከመሄዱ በፊት፣ ልምድ ካለው አብራሪ ጋር ለትምህርት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይላክ ነበር። በዚያ ጉዞ ከሞተ የሞተው ከማያውቃቸው ሰባት ሰዎች ጋር ነው፤ የራሱ ስድስት ሰዎች ጦር ሰፈር ቀርተዋል። ቤተሰቡ ቤት ያለውን የቡድኑን ፎቶ አምጥቶ «እነዚህ አብረውት ሞቱ» ይላል፤ በፎቶው ያሉት ግን በሌላ አብራሪ ሥር ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የበረሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ ላንካስተር ስምንት ስም ሲያገኙ ይህን ይጠርጥሩ።

መቃብር የሌላቸውስ? ለንደን ምዕራብ፣ ቴምዝ ወንዝን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ራኒሚድ የሚባል መታሰቢያ አለ። ከእንግሊዝና ከሰሜንና ምዕራብ አውሮፓ ጦር ሰፈሮች ተነሥተው መቃብራቸው ያልታወቀ ከ20,000 በላይ የአየር ኃይል ሰዎች ስማቸው በድንጋይ ሰሌዳዎቹ ላይ ተቀርጿል፤ በ1953 ንግሥት ኤልሳቤጥ ናት የመረቀችው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ባሕር የዋጣቸው ብዙ ናቸው። ጆን ኔትልተን የሚባለው ደቡብ አፍሪቃዊ አብራሪ፣ የቪክቶሪያ መስቀል የተሸለመ ሰው፣ በሐምሌ 1943 ከቱሪን ሲመለስ አውሮፕላኑ ተመትቶ ቀረ፤ ስሙ ያለው ራኒሚድ ነው። ስሞቹ በየዓመቱና በየማዕረጉ ስለተደረደሩ የሰሌዳውን ቁጥር ከኮሚሽኑ ሳይዙ ቢሄዱ ግማሽ ቀን ይፈጅብዎታል።

ከጦርነቱ በኋላ የጠፉትን የሚፈልግ የአየር ኃይሉ ልዩ ክፍል በየመንደሩ ዞሯል። መቃብር አስከፍተው ይመረምሩ ነበር፤ ሥራው ለደካማ ልብ አይሆንም። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው መለያ ከተጨመቀ ፋይበር የተሠራ ስለነበር በእሳት ይቃጠላል፣ በመሬት ውስጥም ይበሰብሳል። ስለዚህ የሸሚዝ አንገት ቁጥር፣ ጫማ፣ ቀለበት፣ የሞተር ቁጥር ነበር የሚፈለገው። የሩር ግድቦችን በመታው በታወቀው የግንቦት 1943 ዘመቻ 617ኛ ስኳድሮንን የመራው ጋይ ጊብሰን መስከረም 19 ቀን 1944 በሞስኪቶ አውሮፕላን ሆላንድ ውስጥ ስቴንበርገን ሲወድቅ፣ ማንነቱን ካሳወቁት ነገሮች አንዱ ካልሲ ላይ የተገኘ የልብስ አጣቢ ምልክት ነው። 26 ዓመቱ ነበር። ከናቪጌተሩ ጎን እዚያው ተቀብሯል።

በጀርመን በየመንደሩ ተበታትነው የነበሩት መቃብሮች ወደ ትልልቅ የጦር መካነ መቃብሮች ተሰበሰቡ፤ በሆላንድ፣ በቤልጅየም፣ በፈረንሳይና በዴንማርክ ያሉት ብዙዎቹ ግን የአገሬው ሰው በቀበራቸው ቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ቀሩ። ወደ እንግሊዝ አስከሬን መመለስ አይፈቀድም ነበር፤ ሀብታም ልጁን ወስዶ ድሃ እንዳይቀርበት። ሥርዓቱ በማዕረግም፣ በዘርም፣ በሃይማኖትም አይለይም። የኮሎኔሉም የሳጅኑም ድንጋይ ቁመቱ 81፣ ወርዱ 38፣ ውፍረቱ 7.6 ሴንቲሜትር ነው። ይህን ሲያነቡ ደስ እንደሚልዎት አውቃለሁ።

እነዚህን የኮሚሽኑን ድንጋዮች ቤተሰብ እንዲያጸዳ አይፈቀድም፤ ምክንያት አለው። ብዙዎቹ የፖርትላንድ ድንጋይ ናቸው፤ ኖራ ያለበት ለስላሳ ድንጋይ ነው። በሽቦ ብሩሽ ወይም በበረኪና ቢፈገፈግ በላዩ የበቀለው ሽበት ይለቅና ከሱ ጋር የፊደሉ ጠርዝ አብሮ ይሄዳል። ጽሑፉን ለፎቶ አጉልቶ ለማውጣት አሸዋ ወይም ዱቄት የሚያሹበትም አሉ፤ አይደረግም። የሚያስፈልገው ብርሃን ነው። ፀሐይ ከጎን የምትመታበትን ሰዓት መጠበቅ፣ ድንጋዩ ጥላ ውስጥ ከሆነ ደግሞ መስታወት ከጎን ይዞ ብርሃን በፊቱ ላይ አግድም ማስኬድ። ፊደሉ ጥላ ጥሎ ይነሣል። የላክሁልዎ ፎቶ የተነሣው እንዲያ ነው።

አሁን እርስዎ የሚወዱት ክፍል ላይ ደረስን፤ አዲስ መታሰቢያ አውሮፕላኑ በወደቀበት ቦታ ማቆም።

ሰው ሁሉ የሚፈልገው ጉድጓዱ ላይ ማቆም ነው። እኔ አልደግፈውም። ቦታው የገበሬ ማሳ ነው፣ ይታረሳል፤ ክረምት ላይ ጭቃ ነው፤ አረጋዊ ዘመድ እዚያ አይደርስም። ከሥሩ ጥይት፣ ቦምብ፣ ይባስ ብሎም የሰው አካል ሊኖር ይችላል። በእንግሊዝ በ1986 የወጣው ሕግ የወደቀ የጦር አውሮፕላን ሁሉ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይከለክላል፤ አካል ወይም ፈንጂ አለበት ተብሎ ከተጠረጠረ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ከስብርባሪው ቁራጭ ኪስ ውስጥ መክተት እንደ ማስታወሻ ይታያል እንጂ ጥፋት ነው። በተለይ የአብራሪው መለኪያ ሰዓቶች ፊት በጨለማ እንዲያበራ ራዲየም የተቀባ ነበር፤ ቀለሙ ደርቆ ሲፈረፈር ብናኙ መርዝ ነው። ሆላንድ አውሮፕላኖቹን ከነሰዎቹ ለማውጣት በመንግሥት ደረጃ ሥራ ጀምራለች፤ በ2020 ከማርከርሜር ሐይቅ አንድ ስተርሊንግ ቦምብ ጣይ የወጣው በዚያ ነው። ሥራው እንዲህ በባለሙያ የሚሠራ ነው።

ስለዚህ በአቅራቢያው ያለ መንገድ ዳር፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ይመረጣል። ከባለ መሬቱ በጽሑፍ፣ ከአካባቢው ምክር ቤትም የግንባታ ፈቃድ መያዝ ግድ ነው። የመንገዱ ዳር ከሆነ የመንገድ ባለሥልጣኑም አለበት። ከፈቃዱ ጋር አብሮ የሚጻፈው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ሣሩን የሚያጭደው ማን እንደሆነ ነው። ብዙ መታሰቢያ የሚበላሸው በዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይመጣል፣ በዐሥረኛው ዓመት እሾህ ይውጠዋል።

ድንጋዩ ግራናይት ቢሆን ይመረጣል። አንድ ሜትር ኩብ 2.7 ቶን ያህል ስለሚመዝን ግማሽ ሜትር ኩብ እንኳ ያለ ክሬን አይነሣም። መሠረቱ ውርጭ ከሚደርስበት በታች መውረድ አለበት፤ በእንግሊዝ ከ45 እስከ 60 ሴንቲሜትር ይበቃል፤ ካልወረደ አፈሩ ሲቀዘቅዝ እያበጠ ሐውልቱን ያጋድለዋል። ይህን ለእርስዎ መንገር ለቄስ መስቀል ማሳየት ነው፤ ብቻ በእኛ አገር ደጋ እንዲህ ያለ ውርጭ ስለሌለ ነው የጠቀስኩት።

ሰሌዳው ነሐስ ነው፤ ሰባት ስም ከነማዕረግና ዕድሜ እንዲይዝ ከ45 በ60 ሴንቲሜትር ማነስ የለበትም። ፊደሉ ከ10 ሚሊሜትር ካጠረ ቆሞ የሚያነብ ሽማግሌ አይነበበውም። ማሰሪያው ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ከኋላ ተበይዶ በሬዚን ሙጫ ወደ ድንጋዩ የሚገባ ዘንግ ይሁን። ተራ ብረት ብሎን ከነሐስ ጋር ከተገናኘ እርጥበት ሲያገኘው ብረቱ ቶሎ ይበላል፤ የዝገቱም ውሃ በግራናይቱ ላይ ቡናማ መስመር ያወርዳል፤ ያ መስመር አይለቅም። ሰሌዳው ፍጹም አግድም ሆኖ እንዲተኛ አያድርጉ፤ ውሃና ቅጠል ያጠራቅማል። ጥቂት ያዘንብል። በዓመት አንድ ጊዜ በለስላሳ ብሩሽና በለዘብተኛ ሳሙና ታጥቦ፣ ሲደርቅ ሰም ይቀባል። አንጸባራቂ እስኪሆን መፈግፈግ የለም።

ለቀራጭ የሚላከውን ጽሑፍ ሦስት ሰው ለየብቻ ያነብበዋል፤ አንዱ ከኋላ ወደ ፊት፣ ቃል በቃል። ዓይን የሚያውቀውን ዐረፍተ ነገር እያረመ ስለሚያነብ ስህተቱን ይዘልለዋል። ከኋላ ሲነበብ ግን ትርጉሙ ስለሚጠፋ ፊደሉ ይታያል።

ጽሑፉ ምን ይበል በሚለው ላይ ብዙ ክርክር አይቻለሁ። «ጀግና» የሚለውን ቃል ቤተሰቡ ይፈልገዋል። በጀርመን ምድር በሚቆም ሰሌዳ ላይ ግን ያ ሰፈር በእነዚሁ አውሮፕላኖች ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ በሐምሌ 1943 ሐምቡርግ ላይ የሞተው ሕዝብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ለእነዚህ ሰዎች ለንደን ላይ ትልቅ መታሰቢያ ያቆሙት በ2012 ነው፤ ያን ያህል የዘገየበት አንዱ ምክንያት የከተማ ድብደባው ክርክር ነው። በግሪን ፓርክ ያለው ይህ መታሰቢያ ውስጥ ሰባት የነሐስ ሰዎች ቆመዋል፤ ጣሪያው ቤልጅየም ረግረግ ውስጥ በ1997 ከተገኘ የሃሊፋክስ ስብርባሪ አሉሚኒየም ተሠርቷል። ሊንከን ከተማ ያለው ደግሞ ቁመቱ 31.09 ሜትር የሆነ የብረት ምሰሶ ነው፤ ልኩ የላንካስተር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። ከሥሩ ወደ 58,000 የሚጠጋ ስም በብረት ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ወደ ሰሌዳው ስመለስ፣ የኔ ምርጫ ደረቅ እውነት ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ አውሮፕላን፣ ቀን፣ «እዚህ አቅራቢያ ወደቁ»። በጀርመን ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ።

ሜዳልያን በአጭሩ፦ በጦርነቱ የተሰጡት የእንግሊዝ የዘመቻ ሜዳልያዎች ስም አልተቀረጸባቸውም። የሆነ ነጋዴ «የእገሌ ነው» ብሎ ቢያቀርብ አብሮ የሚመጣ ወረቀት ከሌለ ማስረጃ የለውም። በ2013 መሰጠት የጀመረውን የቦምብ ጣዮች ዕዝ ማሰሪያ (በሜዳልያ ጥብጣብ ላይ የሚደረግ ትንሽ ብረት) የቅርብ ዘመድ ለመከላከያ ሚኒስቴር አመልክቶ ይቀበላል። የሟች ሜዳልያ በቀኝ ደረት ነው የሚደረገው፤ በግራ የሚያደርገው ራሱ ባለቤቱ ብቻ ነው። «ለምን የጀግንነት መስቀል አልተሰጠውም» ብለው ለሚያዝኑ ደግሞ፣ ያኔ ለሞተ ሰው የሚሰጠው ከፍተኛው የቪክቶሪያ መስቀልና የጆርጅ መስቀል፣ ወይም በሪፖርት ላይ ስም መጠቀስ ብቻ ነበር። የአብራሪዎቹ መስቀል ለሟች አይሰጥም ነበር።

የሙት ዓመቱ ሥርዓት ራሱ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። መለከት ይነፋል፣ ባንዲራዎች ዝቅ ይላሉ፣ ሁለት ደቂቃ ጸጥታ ይሆናል፣ ሌላ መለከት ይነፋል፣ ባንዲራ ይነሣል፣ አበባ ይቀመጣል። በኅዳር 11 ወይም ለዚያ ቅርብ በሆነው የመታሰቢያ እሑድ ከሆነ ጸጥታው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። የሚበላሸውም የሚታወቅ ነው፦ መለከተኛው ብርድ ላይ ቆሞ ከንፈሩ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ደቂቃ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ድምፅ ማጉያው ላይ የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ ካልተደረገበት ጸሎቱ ሁሉ ጩኸት ነው። ላንካስተር እንዲያልፍ የሚመኙም አሉ፤ በዓለም ላይ የሚበርሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ አንዱ እንግሊዝ ኮኒንግስቢ፣ ሌላው ካናዳ ሐሚልተን። ማመልከቻው ከብዙ ወራት በፊት ይገባል፤ ተፈቅዶም ነፋስ ከበረታ ወይም ደመና ከወረደ አይመጣም። እንግዳውን ሰማይ ሰማይ እንዲያይ ካደረጉት ድንጋዩን ማንም አያይም፤ እኔ አስቀድሜ ባልነግራቸው እመርጣለሁ።

ሰባቱን ስም የሚያነብ ሰው ከዋዜማው ይለማመድ። የፖላንድና የፈረንሳይ ካናዳ ስሞች አሉ። በአብራሪው ጀምሮ በጭራ ተኳሹ መጨረስ የተለመደ ነው፤ አውሮፕላኑን ከፊት ወደ ኋላ እንደ መሄድ ነው። በየስሙ መካከል አንድ ትንፋሽ ይተውለት።

አባዬ፣ አንድ ነገር እርስዎን ልጠይቅ። ግራናይቱ ላይ ሰሌዳው የሚያርፍበት ፊት ተቆርጦ ለስልሶ ይምጣ ወይስ እንደ ተፈለጠ ሻካራ ሆኖ ከሰሌዳው ኋላ ሁለት ሚሊሜትር ክፍተት ይተው? ለስላሳ ከሆነ ውሃ ተይዞ በውርጭ ይገፋዋል ብዬ እፈራለሁ፤ ክፍተት ከተተወ ደግሞ ተርብ ይገባበታል ይላሉ። የእርስዎን ሐሳብ በሚቀጥለው ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ ድንጋዩ ገና አልተቆረጠም።

እማማን እጅ ነሥቼያለሁ። መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ።

አክባሪ ልጅዎ